ሳይጠፋ የደረሰው ውጤት

ከሶዶ ወደ ተበላ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት አባትና ልጅ ያወራሉ።

«ያ የምትሠሩት የክሊኒኩ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተስተካከለ?» አሉ አባትየው።

«ተስተካከለ አባዬ። ችግሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ነበር?»

«ከላብራቶሪ ወደ ሐኪሙ ኮምፒውተር የሚላከው ውጤት አልፎ አልፎ ይጠፋል። በሽተኛው እንደገና ደም ይሰጣል። የቢሮ ልጆች ሁሉ ‹ኔትወርክ ነው› አሉ።»

«አንቺስ?»

«አላመንኩም። ቴስት ጻፍኩ፤ ፕሮግራሙን በራሱ የሚፈትሽ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። ኔትወርክ በሌለበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን አስኬድኩ፤ አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ሺህ ጊዜ አስደጋገምኩት።»

«እሺ?»

«እዚያም ጠፋ! ለካ ተቀባዩ ሳይዘጋጅ ላኪው ይልካል። አሁን ተቀባዩ ‹ዝግጁ ነኝ› እስኪል ድረስ ላኪው እንዲጠብቅ አደረግኩት።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ቴስቱን ስንት ጊዜ ደጋገምኩት፣ አንድም አልጠፋም። አለቃችን ሰው ሁሉ ፊት ‹ቴስት አጻጻፍ ከእሷ ተማሩ› አለ።»

«እንደዚህ አለ? ስለ አንቺ?»

«ስለ እኔ።»

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

«እንግዲያው ቤት ስንገባ ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት፤ እኔ ከነገርኳት ይበላሽብኛል። አንድም ሳታስቀሪ፣ አሁን እንደነገርሽኝ አድርገሽ።»

እናትየው ይህን ሲሰሙ ባያቸው ብዬ ተመኘሁ።