ብቻዋን የሠራች እጅ

«ጉልበትዎ እንዴት ከረመ፣ መምህር? ዝናቡ እንደማይስማማው አውቃለሁ፤ የእኔም ጠዋት ጠዋት ይነዘንዘኛል... ይቀመጡ እንጂ። በርጩማው ይወዛወዛል፣ ግን አይጥልም።»

ቆንጆው ከማዶ ሆኖ አማቱ ይህን ሲሉ ሲሰማ ትንሽ ተነፈሰ። የሠፈሩ ሰው ቆንጆው የሚለው በእውነትም መልከ መልካም ስለሆነ ነው። የቆዳ ሠሪዋን ልጅ አግብቶ እዚህ ቤት ከገባ ሁለት ዓመቱ፤ ሚስቱም ልትወልድ ደርሳለች። አማቱ የሟች ባላቸውን የሥራ ጠረጴዛና ቢላዋ በመጪው ሰኞ ሊያስረክቡት ቃል ገብተውለታል። ዛሬ ግን ጡረተኛው መምህር ያን ከአያታቸው የወረሱትን ባለ ባልጩት ጠመንጃ ታቅፈው ሲገቡ፣ ሰኞ ከእጁ ሲያመልጥ ታየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ጠመንጃ ላይ እሳት የሚወጣው፣ ባልጩት የነከሰው መምቻ ከፊቱ ያለውን ብረት ሲመታ ነው። መምህሩ ረግረጉ ዳር ዳክዬ ሲያድኑ መምቻውን ዝናብ ከነካው ጠመንጃው ዱላ ማለት ነው። ሟቹ ለመምቻው የሠሩላቸው የቆዳ ሽፋን ሃያ ዓመት አገልግሎ ሲያረጅ፣ አዲስ እንዲሠራላቸው ጠመንጃውን ትተው ሄዱ። አማቱ ያን ሳምንት እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው ስለነበር ቆንጆው ራሱ ገባበት። ቆዳውን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈ፣ መምቻው ላይ አልብሶ ጥፍር አድርጎ አሰረ፣ ቅርጹን ይያዝ ብሎም ከነርጥበቱ እዚያው ተወው። መምህሩ ሊወስዱ መጥተው ማን እንደሠራው ቢጠይቁት፣ «አማቴ» አላቸው። አሁን መምቻው በዝገት ተጣብቆ አልነቃነቅ ብሏል። መምህሩም ገና ከበር፣ እትዬ፣ እጅዎን ምን ነካው፣ እያሉ ነው የገቡት።

አማቱ ሽፋኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ወደ ቆንጆው ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

«ልክ ነዎት፣ የእኔው እጅ ናት። እኔ ስምንት ቀን እህቴ ዘንድ ነበርኩ... እጄ ግን እዚሁ ቀርታ ስትሠራ ከርማለች። አይገርምም? ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሠራ ብቻዋን መሥራት እንደምትችል አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም።»

መምህሩ ግራ ገባቸው፤ ቆንጆው ግን በደንብ ገባው። ሰው ስለ ገዛ እጁ ሲያወራ፣ እኔን ነው፣ ብሎ ዘው የሚል ማን ሞኝ አለ? ወስፌውን አንስቶ ምንም ያልጎደለውን ቀበቶ ይበሳሳ ጀመር።

አማቱ ዝገቱን በዘይት ሲፈትጉ ቆይተው መምቻውን ቀጭ አድርገው አነቃነቁት። ከዚያም ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጠመጠሙበትና እርጥብ ቆዳ ከላይ አለበሱት። ወሬው አልቆመም።

«የቅድሙን ሽፋን ስፌት ይዩልኝ እስቲ፣ እንዴት ያምራል! ይቺ እጄ ለዓይን የሚሆን ነገር አታጣም... ለዓይን። ሙያ በልብ ነው ይሉ የለ? እሷም ከልቧ አላወጣችውም። እርጥብ ቆዳ ብረት ላይ ይከርማል ወይ ብላ ብትጠይቅ ምን ነበረበት? ግን እጅ አፍ የላት... የሠሪ ስም ሲጠየቅ ብቻ አፍ ታበቅላለች። ስሟንም አይደለም፣ የእኔን! ክብር ነው፣ መምህር፤ አልተቀየምኩም። ዝም አይነቅዝም ይባላል አይደል? ብረት ግን ዝም ብሎም ይዝጋል።»

ቆንጆው አፈረ፤ ጆሮው እስኪግል አፈረ። እኔ ነኝ ብሎ ሊገላገል ፈለገ፣ ግን ሰኞን አስታወሰና ወደ ቀበቶው አጎነበሰ። አማቱ ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያሉ ቅርጹን ካስያዙት በኋላ ቶሎ አወለቁት። ከወንበራቸው ተነሥተው ከበሩ ሥር አንድ ጠማማ እንጨት አነሡና ቆዳውን እሱ ላይ አልብሰው እንዲደርቅ መስኮቱ ዳር አኖሩት። ለካ ሟቹ ባላቸው በመምቻው ልክ የጠረቡት እንጨት ነው። ቆንጆው ሁለት ዓመት ሙሉ በር ሲያስደግፍበት ኖሯል።

መምህሩ ሊሄዱ ተነሡ። አማቱ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ድምፃቸው ማር ሆነ።

«ሲደርቅ ሰም ቀብቼ አቆይልዎታለሁ። ልጄም ወሯ ገብቷል... እርስዎ ባሉበት ልመርቅ። የሚወለደውን ልጅ፣ እግዜር መልኩን ከአባቱ ያድርግለት፤ አባቱ መልክ አላነሰውም። እጁን ግን፣ አደራህን አምላኬ... ከአያቱ። አድጎ የአያቱን ጠረጴዛና ቢላዋ ለመረከብ ያብቃው። እስከዚያ እኔ እጠብቅለታለሁ።»

መምህሩ አሜን ብለው ወደ ቆንጆው ዞሩ። ለአሽሙር ዝም ማለት ይቻላል፤ ለምርቃት፣ ያውም ለገዛ ልጅ ምርቃት፣ ዝም አይባልም። ቆንጆው ወስፌውን አስቀመጠ፣ ብድግ አለ፣ ሁለት እጁን ዘረጋና «አሜን» አለ።

መምህሩ የተዘረጉትን እጆች አዩ፣ ጠመንጃቸውን አዩ፣ ያን ጊዜ ገባቸው።