ሁለተኛው ቅብ

ሄሎ... ሄሎ! — አቤት ጎረቤት! እንዴት አደርክ? ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩ ጭጭ ሲል፣ ከድንበሩ ማዶ ሳይሆን ጨረቃ ላይ ያለህ መሰለኝ እኮ። — አዎ፣ ዝናቡ ነው መስመሩን የቆረጠው።

በል ሳጥናችሁ ያወጣውን የዛሬውን ቁጥር ላንብብልህ። ስድስት... አንድ... አንድ... ትሰማኛለህ? — አንድ ሁለቴ ነው። ከዚያ ዘጠኝ... ዜሮ... አራት። — አንተ ጋ ካለው ጋር ገጠመ? — ገጠመ አይደል! ታዲያ ምነው ድምፅህ?

— የቱ ፎቶ? — ትናንት መስመሩ ሲመለስ የሳጥኑ ካሜራ የላከው... አሃ።

አንቺ፣ ያንን የስፌት መኪና አቁሚው እስቲ፣ አልሰማም! — እህቴ ናት። ጦሩ በሚመጣው እሑድ ከድንበር ሲነሳ ባሌ ይመጣል ብላ መጋረጃ እየሰፋች ነው።

ስማኝማ። ቅዳሜ ጣራው አፈሰሰ፣ የጦሩን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ሳጥናችሁ ላይ። ውስጡ ሲንጣጣ ሰማሁት። ደወልኩልህ፣ መስመር የለም። ቁጭ ብዬ ሲቃጠል ልየው? ከፈትኩት፣ በጨርቅ አደረቅኩት፣ ዘጋሁት። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። — ብቻዬን ነዋ! ውሉ ሁለታችንም ቆመን ይከፈት ይላል፤ አንተን ከማዶ በምን ላምጣህ?

— እሱን... እኔ ነኝ የቀባሁት። በእህቴ የጥፍር ቀለም። ያው እናንተ ክዳኑን ያሸጋችሁበት ዓይነት ነው፣ ብልጭልጭ ያለው። — አውቃለሁ! ብልጭልጩ ሁለቴ አንድ ዓይነት አይወድቅም። አራት ዓመት ካሜራው ሲያነሳው እያየ የኖረው ማን ሆነና! — እንጃ... ደነገጥኩ። ቅቡን ተሰንጥቆ ካዩት ጉድ ይፈላል አልኩ። — ባልቀባው ይሻል ነበር? አሁን ነው የምትነግረኝ!

— ውስጥ ያለውን፣ ቁጥሩ የሚሠራበትን ምስጢር አየሁ? እኔ? አሥራ ሁለተኛን በመከራ የጨረስኩ ሰው? — እሺ፣ ምስጢሩን ያየ ሰው መዝገቡን ለውጦ የሚገጥም ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ስለቻለ አደረገ ማለት ነው?

ጎረቤት፣ መሬት ውስጥ የቀበራችሁት ማዳመጫ መሣሪያ ምንም አልሰማም እኮ! አንድ ታንክ አልተነቃነቀም። በዚያ ዝናብ ላም እንኳ አላለፈችም። — ታምነኛለህ? ተባረክ! እንደዚያ ብለህ ጻፍልኛ! — ... የምትጽፍበት ቦታ የለም። ቅጹ ላይ ያለው «ተከፍቷል» እና «አልተከፈተም» ብቻ ነው።

ጉንፋን ሲይዘኝ ከእኔ ቀድመህ ታውቅ የለ? ልጅህ ስትወለድ ከእናትህ በፊት ለማን ነው የደወልከው? — ለቁጥሩ ነው የደወልኩት አትበለኝ!

— ቅጹን «ተከፍቷል» ብለህ ላክኸው? መቼ? — ከመደወልህ በፊት። ... ታዲያ ቁጥሩን ለምን አስነበብከኝ? — ለልማድ። እሺ።

— ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው። — የሁለቱም ወገን ጦር... ባለበት ይቆያል። እስከ መቼ? — አልተባለም።

ምንም አላለም። ... ምንም አላለም አልኩሽ! መጋረጃው... አትቸኩዪ፣ ቀስ ብለሽ ስፊው።

ሄሎ? — አለሁ፣ የት እሄዳለሁ። ነገ ግን አትደውል። — ቁጥሩንማ ሳጥኑ ያወጣዋል፣ እሱ ምን ገዶት። እኔም በሰዓቱ ቆሜ አነበዋለሁ... ለግድግዳው። እሱ ቅጽ አይሞላም።

ደህና ዋል፣ ጎረቤት።