ሃያ መርፌና ባለ ቀለበቱ ኮከብ

ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ተኩል፣ የሠፈራችን ልብስ ሰፊ አንዲት ቁልፍ ሰፍተው መጨረሳቸውን ለአንባቢ በክብር አስታውቃለሁ። ሥራው የተጀመረው ከምሳ በኋላ ነው። ቁልፏ ጥቁር፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ የፀጉር አስተካካዩ ኮት ሁለተኛ ቁልፍ ስትሆን፣ ከማስገቢያዋ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብላ ተሰፍታለች። ፀጉር አስተካካዩ ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመ፤ ትከሻውን በዚያው ልክ አንድ ጣት ዝቅ አደረገና፣ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አለ።

ይህን ያየሁት በአጋጣሚ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቴን ከልብስ ስፌቱ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ መቀስ ልዋስ ገብቼ ነበር። እኔ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ሰዎች ኮፒ ሊያስነሱ ካመጡት ወረቀት ስለሆነ፣ ዕውቀቴ ከገጽ አርባ አንድ ይጀምርና ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ያቆማል። ስለ ልብስ ሰፊው ዓይን የማውቀው ግን ከወረቀት አይደለም፤ ከሱሪዬ ነው። የሱሪዬ ግራ እግር ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል። እሳቸውን ላለማሳጣት ስል ካለፈው ወር ጀምሮ በግራ እግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ነው የምሄደው።

ነገሩን ሁላችንም እናውቃለን። የልብስ ሰፊውን ቀኝ ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ባለቤታቸው እትዬ ማታ ማታ ሃያ መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ፤ አሥሩ ላይ ነጭ፣ አሥሩ ላይ ጥቁር። ከዚያ በትንሿ የመርፌ ትራስ ላይ ደርድረው ጠዋት ከስፌት መኪናው አጠገብ ያኖሩላቸዋል። እሳቸውም መርፌ ከፋብሪካ ክሩን ይዞ የሚመጣ ይመስል፣ ብድግ አድርገው መስፋት ነው። ባልና ሚስቱ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ሠፈሩም፣ «የጋሼ ዓይን እኮ የንስር ነው» እያለ ኮቱን አጣሞ ይለብሳል።

ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን እንዳዘነበለ ሊወጣ ሲል፣ በር ላይ ከልብስ ሰፊው የእህት ልጅ ጋር ተጋጨ። ይህች ወጣት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። በክንዷ አንድ ረጅም ነገር ታቅፋ ነበር።

«ምንድን ነው ጥቅሉ፣ ልጄ? ሱፍ ከሆነ ወደ ብርሃኑ አምጪው» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ጨርቅ አይደለም፣ አጎቴ። ቴሌስኮፕ ነው። ከትምህርት ቤት ፈርሜ ያወጣሁት ነው። ዛሬ ሰገነቱ ላይ ወጥተን ከዋክብት እናያለን።»

«እኔ ያለ ቱቦ አያለሁ።»

«እሱን ሰምቼ ነው የመጣሁት። የሐሙሱን የዓይን ቀጠሮ ሰርዣለሁ ብለዋል አሉ።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት፤ እንደገና አነሱት። እኔ መቀስ ልዋስ የመጣሁ ሰው እንደመሆኔ፣ እስኪለቁት መጠበቅ ግዴታዬ ነበር።

«ሰርዣለሁ» አሉ። «ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ቆሞ ሳለ በሰው ገላ ላይ ምላጭ አይነሳም። አባቴ ሲሉ የሰማሁት ነው። ደግሞስ ዓይኔ ምን ሆነና? ኮከቡን ከሠፈሩ ሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? አንተ ጎረቤት፣ ከውኃ ታንከሩ በላይ አላሳየሁህም?»

«አሳይተውኛል» አልኩ። ያየሁት የውኃ ታንከሩን ነው።

«ጅራቱ ስንት ክንድ ይሆናል?»

«እንጃ ጋሼ፣ ሦስት አያጣም።»

እዚህ ላይ አንባቢ የክርክራቸውን ውበት ልብ ይበልልኝ። ኮከቡ ቀዶ ሕክምናውን ይከለክላል፤ ኮከቡን ማየታቸው ደግሞ ቀዶ ሕክምናው እንደማያስፈልግ ያረጋግጣል። እንዲህ በሁለት በኩል የተሰፋ ክርክር በቀላሉ አይተረተርም።

«አጎቴ» አለች መምህርቷ ወንበር ስባ እየተቀመጠች፣ «ሐኪሙ ያለዎትን አብረን ነው የሰማነው። ቀኙ አሁን ከተሠራ ይድናል። ከዘገየ ግን ግራውም ጀምሮታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱም ከሄዱ ይህ እጅ ምን ሊሠራ ነው? እጁ እኮ ደህና ነው። አርባ ዓመት የሰፋ እጅ ጤናውን እንደያዘ ሊቀመጥ ነው?»

«ኮከቡ ይለፍና እናያለን።»

«ኮከቡ ስለ እርስዎ ምንም አያውቅም። በረዶና አቧራ ነው። ከሩቅ መጥቶ ፀሐይን ይዞራል፤ ሲቀርባት በረዶው ይተናል፤ ጅራት የምንለው እሱን ነው። ከዚያ ይሄዳል፤ ዓመቱን ቆጥሮ ይመለሳል። የሚያጠኑት ሰዎች መምጫውን ቀን አስቀድመው አስልተው ጽፈውት ነበር።»

«ኮከብ በቀጠሮው ይመጣል ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ በቀጠሮው።»

«እኔ አርባ ዓመት ስሠራ በቀጠሮው የመጣ ደንበኛ አላየሁም።»

«በቀጠሮው የደረሰለት ሱሪስ አይተዋል?»

ሳቄ አመለጠኝ። «አንተ መቀሱን ይዘህ ሂድ» አሉኝ። መቀሱን ያዝኩ፤ አልሄድኩም።

«እሺ፣ ኮከቡስ ይሁን» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ነገሩ ወደ ቀጠሮ ማክበር መዞሩ ስላልተመቻቸው። «ምድር ትዞራለች የምትሉት ግን ምን የሚሉት ነው? ተማሪዎችሽ ይቀበሉሻል? ብትዞር ይህ ከፊቴ ያለው ሻይ አይፈስም ነበር?»

«አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ሲሄዱ…»

«አውቶቡስ ውስጥማ ይፈሳል! ባለፈው ሳምንት ጭኔ ላይ ፈሶብኛል።»

«አውቶቡሱ ስለሚንገጫገጭ ነው። የምድር ጉዞ እኩል ነው፤ ድንገት ፍሬን የሚይዝ የለም። ለዚህ ነው የማይታወቀን።»

«የማይታወቅ ነገር እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ዕውቀቴ ከገጽ አርባ አንድ ባይጀምር ኖሮ እኔ ራሴ እጠይቀው ነበር። መምህርቷም ጥሩነቱን ስላወቀች ፈገግ አለች።

«በማየት» አለች። «እንስማማ አጎቴ። ዛሬ በዚህ ይመልከቱ። ኮከቡን የሚያስፈራ ሆኖ ካገኙት፣ ምድርም ስትዞር በዓይንዎ ካላዩ፣ ስለ ሐሙስ ዳግመኛ አላነሳብዎትም።»

«በዓይኔ?»

«በዓይንዎ።»

ዓይኑ የንስር ነው ሲባል የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ግብዣ እንዴት እምቢ ይላል? እሺ አሉ።

ጀንበር ጠልቃ ሰማዩ ሲጠቁር ሰገነቱ ላይ ወጣን። ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ስለሆነ በእርጥብ አንሶላዎች መካከል እያጎነበስን ነው የደረስነው። ልብስ ሰፊው፣ እትዬ፣ መምህርቷ፣ ፀጉር አስተካካዩና እኔ ነበርን። ከላይኛው ፎቅ ጡረተኛው ፖስተኛም መጣ፤ የመጣው ሸሚዙን ሊያወርድ ነው፤ እዚያው ቀረ።

መምህርቷ ቴሌስኮፑን በሦስት እግሩ አቆመችና አስጠነቀቀችን። «ምድር ስለምትዞር የምታዩት ነገር ከመስታወቱ ይንሸራተታል። ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አይቆይም፤ ከዚያ እኔ እንደገና ማነጣጠር አለብኝ። ስለዚህ ፈጠን ፈጠን እያላችሁ።» ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በሠፈራችን ራስ መነቅነቅን የሚያህል የተስፋፋ ትምህርት የለም።

መጀመሪያ ጅራታሙ ኮከብ ላይ አነጣጠረች። ልብስ ሰፊው በግራ ዓይናቸው ተመለከቱ።

«ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ይሄማ… በጠመኔ ተሠምሮ በመዳፍ የተጠረገ ጨርቅ ይመስላል። ሦስት ክንዱ የት አለ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ውኃ ታንከሩ ዞርኩ።

እንደገና አዩት። «አባቴ ይሄን ነው የፈሩት?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሳቸው ቀርበው የሚያዩበት አልነበራቸውም፣ አጎቴ» አለች መምህርቷ። መልሱ ጨዋ ነበር፤ ሟቹንም ሕያውንም አላሳፈረም።

ቀጥላ ቱቦውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረች። «ይህ ሳተርን የሚባለው ፕላኔት ነው። በግራ ዓይንዎ ይመልከቱ።»

ተመለከቱ።  ልብስ ሰፊው ዝም ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ነገሩ አሳሰበኝ።

«ጠርዝ አለው» አሉ በመጨረሻ። «ጨርቁን ሳይነካ ዙሪያውን የቆመ ጠርዝ። አንዲት ስፌት የለበት። ልክክ ያለ… ማን ለካው ይሄን?»

የሌላ ሰፊ ሥራ ሲያዩ ልማዳቸውን አውቃለሁ፤ ጉድለት ፍለጋ ገልብጠው ውስጡን ነው የሚያዩት። ይህን የሚገለብጡበት አጡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አዲስ ሥራ እንደገባ ለማጅ፣ አጎንብሰው ቀሩ።

«አሁን ዓይንዎ የገባው ብርሃን ከዚያ የተነሳው ገና ሱቅዎን ሳይዘጉ ነው» አለች የእህታቸው ልጅ። «ከአንድ ሰዓት በላይ ነው የተጓዘው፤ ብርሃን ደግሞ ምን ያህል እንደሚፈጥን ያውቁታል።»

ፖስተኛው ባርኔጣውን አወለቀ። «ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ አድያለሁ» አለ። «ያን ያህል መንገድ መጥቶ አድራሻውን ያልሳተ ነገር አላጋጠመኝም።»

መምህርቷ ቱቦውን እንደገና አነጣጠረችና፣ ቀስ ብላ፣ «አሁን ደግሞ በቀኙ» አለች።

 የአንሶላው ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ይሰማል። እትዬ ከገመዱ ያወረዱት የትራስ ልብስ በእጃቸው ላይ ባለበት ቆመ።

ልብስ ሰፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀኝ ዓይናቸውን አስጠጉ። 

«አቤት!» አሉ። «አሁንማ ይበልጥ ጠራ። ቀለበቱ ይኸውና፤ ወርቃማ ነው። እንዲያውም ድርብ ነው፤ ገበሩ ብቻውን ይታያል። ከታች በኩል ደግሞ ትንሽ እጥፋት አለችው…» አወሩ፣ አወሩ። አንገትጌ ጨመሩለት፤ ኪስ ሊያወጡለት ምንም አልቀራቸው። ሲበቃቸው ቀና ብለው ለፖስተኛው ቦታ ለቀቁ።

ፖስተኛው አየ። «ድንቅ ነው» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ አየ። «ጋሼ እንዳሉት ነው። እጥፋቷን በተለይ።»

እኔ አየሁ። ከማሽኔ ቀለም የባሰ ጥቁር ነበር። «ዕፁብ ነው» አልኩ።

መምህርቷ በዚህ ሁሉ መሐል ቱቦውን አልነካችውም። ረስታ ይሁን አስባበት፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

መጨረሻ ላይ እትዬ የትራስ ልብሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አጎነበሱ። በአንዱ ዓይናቸው አዩ፤ በሌላውም አዩ።

«ምንም የለም» አሉ።

«በደንብ ይዩት እንጂ፣ እትዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«በደንብ አየሁ። ክዳኑ የተከደነ ድስት ውስጥ እንደማየት ነው።»

መምህርቷ ጎንበስ ብላ አረጋገጠች። «ልክ ነዎት። የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ፖስተኛው፤ ባይጠይቅ ይሻለው ነበር።

«አጎቴ ማውራት ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ።»

ፖስተኛው ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። ፀጉር አስተካካዩ የኮቱን ቁልፍ ማገላበጥ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ብቻ ሰማዩን ይመለከቱ ነበር።

«የት ሄደ ታዲያ?» አሉ።

«የትም አልሄደም፣ አጎቴ። እኛ ነን የሄድነው።»

ይህን ሲሰሙ መዳፋቸውን ከሰገነቱ አጥር ግንብ ላይ አሳረፉ፤ አውቶቡስ ላይ ቆሞ እንደሚሄድ ሰው ያዝ አደረጉት። 

«ሻዩ ሳይፈስ» አሉ በመጨረሻ፣ በአድናቆት።

ፖስተኛው ሁኔታውን ሊያድን ብሎ ንግግር ጀመረ። «ይህ የከዋክብት ጥናት እኮ ጥቅሙ አያልቅም! ቀን መቁጠሪያችን ከእሱ ነው። መርከበኛ መንገዱን ያገኝበታል። ከንቱ ፍርሃትን ከቤት ያስወጣል። ሰውን ያስተዛዝናል፤ ትንሽነቱን አሳይቶ ያስተዛዝናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ያየውን አየሁ፣ ያላየውንም አላየሁም እንዲል ያስተም…» እዚህ ላይ ሲደርስ አቆመና ሸሚዙን መፈለግ ጀመረ። ሸሚዙ በእጁ ነበር።

እትዬ አንድ የደረቀ አንሶላ ከገመዱ አውርደው ለሁለት አጠፉት፤ ለአራት አጠፉት። ከዚያ ጨው አለ ወይ እንደሚል ሰው፣ ሁላችንም ባለንበት፣ «ለነገ ስንት መርፌ ላይ ክር ላስገባ?» ብለው ባላቸውን ጠየቁ።

ራሱን የነቀነቀ ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን ከአሥር ሰዓት ተኩል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አደረገ፤ ኮቱ አንድ ጣት ተዛባ። እኔም ተረከዜን መሬት አስነካሁ፤ የሱሪዬ ግራ እግር ጫማዬን ሸፈነው።

ልብስ ሰፊው አዩን። በግራ ዓይናቸው፣ አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች አዩን። እጃቸውን ከግንቡ አላነሱም።

«ለነገ ሃያ» አሉ። «ለሐሙስ አታስገቢ። ቀጠሮ አለብኝ።»