ስልኬ ያልተቀበለኝ ሀ

ዐረብ አገር ልሄድ ስሰናዳ ነው። መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ አውቶብስ እየጠበቅሁ በስልኬ ዐረብኛ አጠናለሁ። ስልኩ ቃሉን ይልልኛል፣ እኔ እደግማለሁ፣ ከተሳሳትሁ ቀይ ይበራል። ወተት ለማለት «ሐሊብ» ብል ብል ቀይ ብቻ። ለካ ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ አጠገቤ ቆመው ይሰሙኛል።

«ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የሚቆጣሽ?» አሉኝ።

«ሀሽ ልክ አይደለም እያለኝ ነው፣ የኔታ። ዐረቦች ሦስት ዓይነት ሀ አሏቸው፤ እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው።»

ፊታቸው በራ። «ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ» እያሉ በጣታቸው ቆጠሩልኝ። «ያኔ ‹ሁሉም ያው ሀ አይደል ወይ› እያልሽ ስታደርቂኝ ነበር።» ስልኩን ወደ አፌ አስጠጉት። «በይ እንግዲህ፣ ለእሱ ንገሪው።»