ባልካር አልተሳሳተም

ክቡራትና ክቡራን፣ የፓቲያላ ሞተር ሳይክል ጥገና ቤት ባልደረቦቼ፤ የእርጎ መጠጡን ላሲንም ጣፋጩንም አዘጋጅታችሁ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ኪራንጆት ስለ እኔ ከተናገሩት ግማሹን እንኳ ባምን ኖሮ ጡረታ ባልወጣሁ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጥያቄ ስጠየቅ ኖሬአለሁ። የካንዴላውን ብልጭታ ማስቀደም ሞተር ሳይክል ያበረታል ወይ? «እንዴታ!» እል ነበር። በእጄ የሞረድኳትን ትንሽ ብረት አስገብቼ ብልጭታው ፋብሪካው ከወሰነው ቀድሞ እንዲመጣ አደርጋለሁ። «የማልኪያት ብረት» ያልገባለት ሞተር ሳይክል በዚህ ከተማ ይታዘንለት ነበር።

ያላመነኝ ባልካር ብቻ ነው፤ እንደ ታላቅ ወንድም ስለምናየው ሁላችን «ፓጂ» የምንለው። መለኪያው ከኪሱ አይለይም።

«አንተ፣ ፋብሪካው አንቀላፍቶ ነው የሠራው?»

«አላንቀላፋም ፓጂ፤ ፈሪ ስለሆነ ነው።»

«ይህን ጀግና ሞተርህን በእግርህ ስትገፋ አይሃለሁ!»

አንድ ቀን የአንድ ባንክ ሠራተኛ ሞተር ሳይክል አጥቤ ብረቷን ማስገባት ረሳሁ። ሰውየው በማግስቱ ተመልሶ «ማልኪያት፣ ይበራል እኮ!» አለኝ። አመሰገንኩት። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ እኔ ግን የሳሙናው ጥራት ነው ብዬ አለፍኩት።

እዚህ ቤት ደንብ አለን፤ የባልደረባን የግል ሞተር ሳይክል ሳያስፈቅዱ አይነኩም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ዝናቡ ሳይገባ ባለው ሐሩር፣ ባልካር ባለቤቱን አፈናጦ አምሪትሳር ወርቃማውን ቤተ መቅደስ ሊሳለም ተዘጋጀ። ከመሄዱ በፊት እዚህ ምሳ ሲበላ ብረቷን በድብቅ አስገባሁበት። ተመልሶ «ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚበረታው?» ሲል ልስቅበት ነበር።

ሁለት ሰው፣ ሐሩር፣ የመንገድ ዳር ቤንዚን። ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ልኩን ያስተካከለው ራሱ ስለሆነ ባልካር ቤንዚኑን ጠረጠረ። ፒስተኑ ቀልጦ ሞተሩ ነክሶ ቆመ፤ የኋላ ጎማው ቀጥ አለና ወደቁ። ባለቤቱ ተረፈች። ቀኝ እጁ ግን እንደምታዩት ከዚያ ወዲህ አይታዘዝለትም።

ያን ሞተር የፈታሁት እኔ ነኝ። ብረቷን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ።

«ብልጭታው ልክ ነበር?» አለኝ ከሆስፒታል አልጋው ላይ።

«ትንሽ ቀድሞ ነበር ፓጂ።»

«እንግዲያው ዓይኔ ደክሟል» አለ። «ሚስቴን ልገድላት ነበር።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ የመለዋወጫ መስኮት ላይ ተቀምጦ ብሎን ያድላል። እጁ ነው ትላላችሁ? በግራው መለካት ያቅተው ነበር?

እባካችሁ ወደ እሱ አትዙሩ። እኔን እዩኝ።

ፓጂ፣ አልተሳሳትክም። የለካኸው ልክ ነበር። ያስቀደምኩት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁህም እኔ ነኝ። የአደጋው መዝገብ ላይ «የባልካር ስሕተት» የሚለው እንዲሰረዝ፣ የእኔ ስም እንዲገባ ዛሬ ጠዋት ለወይዘሮ ኪራንጆት ጽፌ ፈርሜያለሁ።

ብልጭታ ማስቀደም ያበረታል ወይ? ጥሩ ቤንዚን፣ ቀላል ጭነት፣ ለዚያ የተሠራ ሞተርና በትክክል የሚለካ ሰው ካሉ፣ ጥቂት። ከሌሉ የሚጨምረው ሙቀት ነው። የሚለካውን ሰው ደግሞ እኔ አሳጣኋችሁ።

ፓጂ፣ ይቅርታህን ዛሬ አልለምንህም። መጀመሪያ ዓይንህን መልሰህ እመነው፤ የእኔ ይቅርታ በኋላ ይደርሳል።

ባልደረቦቼ፣ እጃችሁ ይባረክ። የምትደብቁት ነገር አይኑራችሁ። ከዚህ በር የሚወጣ ሞተር ሳይክል ሁሉ ከነጫነው ሰው በሰላም ቤቱ ይግባ።