ሳይጠይቁ የሚበሉበት ቤት

ከዲጋ ወደ ደዴሳ ድልድይ ሲወርድ ሌንጮ ባጃጁን ቀስ አድርጎ ነበር የሚነዳው። ሌንጮ ቀስ ካለ ደግሞ ነገር አለ። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ መሪ ከጨበጠ ወዲህ በዚህ መንገድ ቀድሞት የሄደ ባጃጅ የለም። ዛሬ ግን የአህያ ጋሪ እንኳ አለፈው።

ከጎኑ ተጣብቦ የተቀመጠው ራጉኤል ነው፤ ድልድዩ አጠገብ ላለው ጤና ኬላ ገና የተመደበ፣ ከጎጃም የመጣ ነርስ። ከኋላ አዲስ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል የተከሉ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን አሉ። ራጉኤል ምንም አላጠፋም። እንግዳ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀው፦ ድልድዩ ጋ ምሳ የት ይበላል?

ሌንጮ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና ፈገግ አለ።

አሳ ነዋ፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ አለው። ደዴሳ ድረስ ወርዶ ቁርጥ የሚያዝ ሰው አለ እንዴ? ድልድዩ ሥር ወርቂቱ የምትባል ሴት አለች፤ ቀረሶ የሚባለውን አሳ ዓይንህ እያየ ትጠብስልሃለች፣ ቆመህ ትበላለህ፣ አጥንቱን ለድመት ትጥላለህ። ከእሷ ከፍ ብሎ ጉላሽ የሚሠራ ቤት አለ፤ በርበሬው እንጂ አሳው አይታወቅም። ከሁሉም በላይ ግን የሞሲሳ ቤት ነው። «ወደብ አሳ ቤት» ይላል፣ ግድግዳው ላይ መርከብ ተስሎበታል። ባሕሩ የታል ብለህ እንዳትጠይቅ። እዚያ ቤት ሳይጠይቁ መብላት ነው የተለመደው...

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት ሌንጮ የሞሲሳን ልጅ ሜቲን ለማስጠየቅ ሽማግሌ ልኮ ነበር። የሽማግሌዎቹ መሪ ተመልሰው «እምቢ አሉ፣ ልጅቱን ለሌላ አስበዋታል» አሉት። አመነ። ለሁለት ወር በወደብ ደጅ አላለፈም። ባለፈው የገበያ ቀን ሜቲ ራሷ ባጃጁን አስቁማ፣ ለምን አላስጠየቅኸኝም ብላ አለቀሰችበት። ለካ ማንም አልጠየቀም። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ሞሲሳም ቃሉን ሊሰጥ ነው። ለምሳው ደንበኞቹን ጠርቷል። ከተጠሩት አንዱ፣ እኚሁ የሽማግሌዎቹ መሪ፣ ባጃጅ ተራ ላይ ቆመው ከሌንጮ በቀር የሚሄድ አጡ። ሌንጮ ሁሉን ማወቁን አያውቁም ነበር፤ እስከዚህች ኩርባ ድረስ።

«የዚያ ቤት አሳ ምላስ ያስራል፣ ወንድሜ» አለ ሌንጮ። «አንድ ጃርሳ አሉ፤ ሽማግሌ ማለቴ ነው። ስማቸው ምን ያደርግልሃል? የተባረኩ፣ ሰው የማያስቀይሙ። ለትልቅ ጉዳይ ተልከው ገቡ። ልጅ ለመጠየቅ የሄደ ሽማግሌ ወንበር ቢስቡለት አይቀመጥም፤ ቃል እስኪሰጠው ውሃም አይቀምስም። በእናንተስ እንዲሁ አይደል? እሳቸው ግን ትሑት ናቸው... ወንበሩ እንዳያዝን ተቀመጡለት። አሳው እንዳይበርድ በሉለት። ባለቤቱ መጥቶ ምን እግር ጣላችሁ ሲላቸው፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹አሳ አማረን›። እንዲህ ያለ ሐቀኛ አይተህ ታውቃለህ? በሆዳቸው ያለውን ነው የተናገሩት።»

ራጉኤል ሊስቅ ከጀለና መስታወቱን አየ። ከዚያ በኋላ የመንገዱን ዳር በቆሎ ብቻ ሲያይ ቆየ።

ሌንጮ ማርሽ ቀየረ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል አይደል? እሳቸው ሁለት ሙሉ ቀረሶ ጎርጉረው አንዲት ቃል አላወጡም፤ ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ የሚባልም አለ። እሳቸው ልሰው መስታወት አድርገው ነው የመለሱት። የተሰበረ ነገር ካለ... ወጪቱ አይደለም።

«ደግሞ ርኅራኄያቸው!» አለ። «የላካቸው ልጅ በተስፋ እንዳይጉላላ ብለው፣ እምቢ አሉ ብለው ነገሩት። ትከሻውን መታ መታ አደረጉለት። እጃቸው አሳ አሳ ይሸት ነበር። ልጁ ሞኝ ነው፣ የደዴሳ ንፋስ መሰለው።»

ከኋላ ከዘራው የባጃጁን ወለል አንዴ መታ።

ወደብ ደጅ ሲደርሱ የእነዚያ ሽማግሌዎች መኪና ገና አልመጣም። ማንጎው ሥር ጠረጴዛው ተዘርግቷል፣ የጥብሱ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ሽማግሌው ወርደው ለሂሳብ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ሌንጮ እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ፤ ለምሳ ከሚሄድ ሰው ማን ይቀበላል? ሞሲሳ ራሱ እየሳቀ ወጥቶ ወንበር ሳበላቸው። ሽማግሌው ወንበሩን አዩት። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አልተቀመጡም። ሞሲሳ እንደገና ሳበላቸው፤ አሁንም እንደ ቆሙ ናቸው። የሞሲሳ ሳቅ ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ። ሜቲ ሳህን እንደያዘች በር ላይ ቀረች።

ሌንጮ እዚህ ላይ ዝም ቢል ይበቃ ነበር። ግን የሦስት ወር ነገር ምላሱ ላይ ነበር። ፊቱን ወደ ራጉኤል አዞረ፣ ድምፁን ግን ወደ ማንጎው ላከው።

«መመረቅስ የሽማግሌ ነበር፣ ወንድሜ፤ ዛሬ ግን ልጅ ይመርቅ። ዋቃዮ ለእኚያ ጃርሳ ዕድሜ ይጨምርላቸው። ጥርሳቸውን ያጽናላቸው። ከሰው ማዕድ አይለያቸው። ትንሹ ልጃቸው ለትዳር ሲደርስም፣ ሚስት የሚጠይቅለት ልክ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ይስጠው... ጠግቦ የሚመለስ።»