የሳተላይቷ ስድስተኛ አንቀጽ

አቶ ሃብተስላሴ በሲያትል አካባቢ ካለችው ፌደራል ዌይ ወደ ዋይት ሴንተር የመጡት ጎማ ለማስቀየር እንጂ ከማንም ጋር ለመከራከር አልነበረም። ጎማ ቤቱ ውስጥ ግን ርሆቦት ተራዋን ስትጠብቅ አገኟት። ርሆቦት የጎረቤታቸው ልጅ፣ የሳተላይት መሐንዲስ ናት፤ በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ኮል አድርጋላቸው አንዴም አልመለሱላትም።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ብላ ብድግ አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጭ በይ ልጄ። የምትጠይቂኝን አውቀዋለሁ፤ መልሴንም ታውቂዋለሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአራት አገር ሳይንቲስቶች የአፍሪካ ቀንድን ዝናብና የአፈር እርጥበት የምትለካ ትንሽ ሳተላይት በጋራ ለማምጠቅ አስበው፣ እቅዱንና የጋራ ስምምነቱን ሊያወጡ ሲያትል ተሰብስበዋል፤ ርሆቦትም ከነሱ አንዷ ናት። ሳተላይቷ ከሰማይ የምትለካው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ሰው መሬት ላይ ከለካው ጋር ሲመሳከር ነው። አቶ ሃብተስላሴ ደግሞ አሜሪካ መጥተው ታኮማ ውስጥ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከመሆናቸው በፊት፣ አዋሽ ዳር ሃያ አንድ ዓመት ዝናብ ለክተዋል። የመዝገቡ ግልባጭ ዛሬም እጃቸው ላይ ነው።

«መዝገቡን ለምን ይከለክሉናል ጋሼ?»

«ለማን ልስጥ? በዘጠና ዓመተ ምሕረት ‹ኤርትራዊ ነህ፣ ውጣ› ሲሉኝ የሰጡኝ ሁለት ሰዓት ነው። ልብሴን ትቼ መዝገቡን ያዝኩ። ዝናባቸውን ስለካ ኖሬ እኔን አባረሩኝ። አሁን ደግሞ ላስረክባቸው?»

«ለመንግሥት እኮ አይደለም፤ ለሁሉም ነው።»

«ሁሉም የሚባል ሰው አይቼ አላውቅም። ያየሁት ቁልፍ የያዘ ሰው ነው።»

«አባቴም በዚያው ሰሞን ነው የተባረረው» አለች ርሆቦት። «እውነትዎን ነው። ሶ፣ እኔም የምጣላው ስለ ቁልፉ ነው። የስምምነቱ ስድስተኛ አንቀጽ ሳተላይቷ የለካችው በዚያችው ሰዓት ለማንም ሰው ክፍት ይሁን ይላል። የሁለት አገር ተወካዮች እምቢ አሉ። መጀመሪያ በየአገሩ መሥሪያ ቤት አንድ ዓመት ይቀመጥ ባዮች ናቸው።»

«የራስን መያዝ ነውር ነው እንዴ? ዝናብህን ያወቀ ሰው እህልህን ያውቃል፤ እህልህን ያወቀ ደግሞ መቼ እንደምትደክም ያውቃል።»

«እሺ፣ በወንዙ ላይኛ በኩል የዘነበውን ታች ያለው ሰው ካላወቀስ? ትናንት ይህንኑ ብጠይቅ አንደኛው ተወካይ ምን አለኝ መሰልዎት? ‹የፈለገ በደብዳቤ ይጠይቅ።›»

የአቶ ሃብተስላሴ ፊት ተለዋወጠ። የተበደለ ሰው እሱ ራሱ የበደለውን ማስታወስ አይወድም፤ እሳቸውም ያን ቃል ከሰው አፍ እስኪሰሙት ድረስ ሸሽተውት ኖረዋል።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነሐሴ ሰማንያ ስምንት። ከኛ በታች ባለው የወንዝ መለኪያ ጣቢያ የሚሠራ ተክለሃይማኖት የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። በሬዲዮ ጠራኝና ‹ወንዙ አላማረኝም፣ እናንተ ጋ ስንት ዘነበ?› አለኝ። አለቃችን ያለ ደብዳቤ ቁጥር እንዳይወጣ አዝዞናል። ቁጥሩ ፊቴ ነው፤ ያን ቀን ብቻ ዘጠና ስድስት ሚሊሜትር። ‹በደብዳቤ ጠይቅ› አልኩት። ሌሊቱን ጎርፉ አሥራ አንድ ሰው ወሰደ። ከነሱም አንዷ የተክለሃይማኖት ሚስት፣ ሥራዬ የምትባለው ናት። ቁጥሩን የጠየቀበት ደብዳቤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰኝ፤ ማኅተም እንኳ አልጎደለውም።»

«ታዝዘው እኮ ነው ጋሼ።»

«ታዝዣለሁ። አፉ ግን የኔ ነበር።»

ጎማው ተቀይሮ መኪናቸው ወጣ፤ እሳቸው ግን አልተነሡም። በመጨረሻ «መዝገቡን ውሰጂው» አሉ። «ነገ ስብሰባው ላይ ግን እኔም እናገራለሁ።»

በማግስቱ ይህንኑ ታሪክ በተሰብሳቢው ፊት ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ ርሆቦትም ተረጎመችላቸው። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦

«ይህ አንቀጽ ከጸደቀ አርብቶ አደሩ ጎርፉ ሳይደርስ ልጆቹንና ከብቶቹን ከወንዙ ያርቃል። ገበሬው አፈሩ መራሱን አውቆ ይዘራል፤ ዘር አያባክንም። ድርቅ ሲመጣም እህል የሚጫነው ሰው ከመራቡ በፊት ይሆናል፤ ማንም አገር ‹አላየሁም› ሊል አይችልም። ካልጸደቀ ግን ሰማይ ላይ የምትሰቅሉት የተቆለፈ ቁም ሣጥን ነው። እኔ ቁም ሣጥን ጠብቄ ዐውቃለሁ።»

ድምፅ ተሰጠ። ካንገራገሩት ተወካዮች አንዱ እጁን አወጣ፤ ሌላው ብቻውን እንዳይቀር አቀርቅሮ ተከተለው። ስድስተኛው አንቀጽ ጸደቀ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ።

«አታጨብጭቡ!» አሉ አቶ ሃብተስላሴ። «የነገርኳችሁ አሥራ አንድ ሰው መሞቱን ነው።»

ርሆቦት ይህንንም ተረጎመችው። ጭብጨባው ቆመ። ሰብሳቢዋ ወረቀቷን ገልጣ፣ ቀና ሳትል ሰባተኛውን አንቀጽ ማንበብ ጀመረች።